«የደባርቅ ሾፌሮች ስልክ አይታየኝም!» ለምትሉ

ፒያሳ ባለ አንድ አስጎብኚ ቢሮ ውስጥ ነው የምሠራው። ጥር 11 ሲቃረብና እንግዳ ሲጎርፍ፣ ከየጠረጴዛው የሚሰማው ጩኸት አንድ ነው፦ «ኧረ የደባርቅ ሾፌሮች ስልክ አይታየኝም!» ስልኮቹ በሥራ አስኪያጃችን አውትሉክ (የኢሜይል ፕሮግራሙ)፣ በጋራ ኮንታክት ፎልደር ውስጥ ናቸው። የማይታዩት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በፐርሚሽን (በፈቃድ) ጣጣ ነው። የማወራው ስለ ክላሲክ (ስለ ነባሩ) አውትሉክ ነው።

መጀመሪያ አካውንቱን እዩ። የማይክሮሶፍት 365 ወይም የኤክስቼንጅ (የማይክሮሶፍት የመሥሪያ ቤት ኢሜይል ሰርቨር) መሆን አለበት። በፖፕ ወይም በአይማፕ (ኢሜይል ብቻ በሚያመጡት መንገዶች) የገባ ከሆነ የፐርሚሽን ታብ ስትፈልጉ ብትውሉ አታገኙም።

ከዚያ የፎልደሩ ባለቤት ኮምፒውተር ላይ ቁጭ በሉ። «አይታየኝም» ያለው ሰው ኮምፒውተር ላይ መነካካት ትርፉ ድካም ነው። ፎልደሩ ላይ ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ቀጥሎ ፐርሚሽንስ። ስሙ ከሌለ «አድ» ብላችሁ ጨምሩት። ካለ ደረጃውን እዩ። ሪቪወር ማየት ብቻ ነው። ኦተር አዲስ ስልክ ይጨምራል፤ የሚያርመው ግን ራሱ ያስገባውን ብቻ ነው። ኤዲተር የሁሉንም ያርማል፣ ይሰርዛልም። ለቢሮ ሥራ ኤዲተር ይበቃል። ኦውነር የሆነ ሰው ለሌላውም ፈቃድ ማደል ስለሚችል እሱን አልሰጥም፤ «ለጊዜው ነው እኮ» የሚለኝ አይጠፋም፤ እኔ ጋ ግን አይሠራም። «ዲፎልት» የሚለው መስመር ስማቸው ያልተጻፈ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎችን ሁሉ ይመለከታል፤ «ነን» (None፣ ማለትም ምንም ፈቃድ የለም) ላይ ተዉት።

ሰውን የሚያሯሩጠው ሳብፎልደር (በፎልደር ውስጥ ያለ ፎልደር) ነው። እኛ ጋ «ሾፌሮች» ሥር «ደባርቅ»፣ «አዘዞ» እያለ ይወርዳል። ዛሬ «ሾፌሮች» ላይ የሰጣችሁት ፈቃድ ቀድሞ ወደተፈጠረው «ደባርቅ» አይወርድም። የላይኛውን ፈቃድ የሚወርሰው ከዚያ በኋላ የሚፈጠር ፎልደር ብቻ ነው። ስለዚህ «ደባርቅ»ንም ለብቻው ከፍታችሁ ስሙን አስገቡ። ግልባጩም አለ። «ደባርቅ» ላይ ሰጥታችሁ ከላዩ ያለውን ከረሳችሁ፣ የጓዳውን ቁልፍ ሰጥቶ የግቢውን በር መቀርቀር ነው። የላይኞቹን ይዘት እንዲያይ ካልፈለጋችሁ ደረጃውን «ነን» አድርጋችሁ «ፎልደር ቪዚብል» (ፎልደሩ ይታይ) የምትለዋን ሳጥን ብቻ ምልክት አድርጉባት። ይህንን የኢሜይል አድራሻው እስከተጻፈበት አናት ድረስ ድገሙት።

በዝርዝሩ ውስጥ በስም ፈንታ ኤስ-1-5-21 ብሎ የሚጀምር ረጅም ቁጥር ካያችሁ አትደንግጡ። አካውንቱ የጠፋ ሰው ነው፤ ምናልባት ሥራ የለቀቀ። አጥፉት። ሰውዬው በአዲስ አካውንት ተመልሶ ከሆነ እንደ አዲስ ጨምሩት።

ፎልደሩ ተከፍቶ አንድ ሾፌር ብቻ ከጎደለ፣ ያ ኮንታክት «ፕራይቬት» (የግል) ተብሎ ይሆናል። ባለቤቱ ከፍቶ ምልክቱን ያንሳው።

ሁሉን ጨርሳችሁ አሁንም ከሌለ፣ ጠያቂው አውትሉክን ዘግቶ ይክፈት። ከመዝጋቱ በፊት ግን ከታች በቀኝ በኩል «ኮኔክትድ» ማለቱን ይይ። መብራት ሄዶ መጥቶ ራውተሩ ገና ካልተነሳ፣ አውትሉክ የትናንቱን እያሳየው ነው።