ሽያጭን በዕለቱ ከነበረው ዋጋ ጋር በፓይተን እንዴት ማገናኘት ይቻላል?

ደሴ ላይ ዘይትና ስኳር የሚያከፋፍል ሱቅ እናስብ። ለሐይቅ፣ ለወልዲያና ለባቲ የሰኞ ገበያ ነጋዴዎች ያስረክባል። ሽያጩ በአንድ የኤክሴል ፋይል፣ የዋጋ ለውጡ በሌላ ተመዝግቧል። ሽያጩ ላይ ዕቃ፣ ቀንና ብዛት አለ፤ ዋጋ ግን የለም። ሁሉንም በዛሬ ዋጋ ማባዛት አያዋጣም፤ እያንዳንዱ ሽያጭ የራሱን ቀን ዋጋ ማግኘት አለበት።

መጀመሪያ የዋጋውን ፋይል አስተካክሉ። ለእያንዳንዱ ለውጥ አንድ መስመር፣ ሦስት ዓምድ ይበቃል፦ ዕቃ፣ ዋጋው የጀመረበት ቀን፣ ዋጋ። ያበቃበት ቀን አያስፈልግም፤ ቀጣዩ ለውጥ ራሱ ያበቃዋል። ለምሳሌ ባለ 5 ሊትር ዘይት መስከረም 1 ቀን 2017 በ900 ብር፣ ጥቅምት 12 በ960፣ ኅዳር 5 በ1,010 ብር ሆነ እንበል። ጥቅምት 30 የተሸጠው 960 ሊይዝ ይገባል።

ቀጥሎ ቀኑ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለውም እዚህ ላይ ነው። ፓንዳስ (በፓይተን ሠንጠረዥ የምንሠራበት መሣሪያ) የሚያውቀው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ብቻ ነው። በቁጥር የተጻፈ መስከረም 5ን ጃንዋሪ 5 ብሎ ዝም ብሎ ይቀበላል። ጥቅምት 30 ሲመጣ ፌብሩዋሪ 30 ስለሚሆንበት ስህተት ያወጣል፤ ጳጉሜን ጭራሽ አያውቃትም። ሁለቱም ፋይሎች በእኛ አቆጣጠር ከተጻፉ ግን መቀየር አያስፈልግም። ዓመቱን በ10,000፣ ወሩን በ100 አባዙና ከቀኑ ጋር ደምሩ። ጥቅምት 30 ቀን 2017 ማለት 20170230፣ ጳጉሜ 3 ደግሞ 20171303 ይሆናል። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው የቀኖቹ ቅደም ተከተል ብቻ ስለሆነ ተራ ቁጥር ይበቃል። አንዱ ፋይል በፈረንጅ ቀን ከሆነ ግን አስቀድማችሁ አንድ ዓይነት አድርጓቸው።

የዕቃ ስሞችንም አንድ አድርጉ። «ሳሙና» እና «ሣሙና» ለእኛ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት ዕቃ። እኔ ብሆን ለዕቃው ኮድ ሰጥቼ እገላገላለሁ።

አሁን ሁለቱንም ሠንጠረዦች በ«ሶርት ቫልዩስ» በቀን ደርድሩ። በዕቃ ከፋፍሎ ሳይሆን ሙሉውን በቀን ብቻ፤ አለዚያ ቀጣዩ ትእዛዝ እንቢ ይላል። እሱም «መርጅ አስኦፍ» ነው (ኮዱ ላይ እንደ «ሶርት ቫልዩስ» ሁሉ በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ በሁለቱ ቃላት መሀል አንደርስኮር «_» ይገባል)። ሽያጩን በግራ፣ ዋጋውን በቀኝ ስጡት፤ «ኦን» ላይ ቀኑን፣ «ባይ» ላይ ዕቃውን፣ «ዳይሬክሽን» ላይ «ባክዋርድ» ጻፉ። ከሽያጩ ቀን ወደ ኋላ ሄዶ የቅርቡን ዋጋ ያመጣል። በተራው «መርጅ» በዕቃ ብቻ ካገናኛችሁ ግን አንዱ የዘይት ሽያጭ ከሦስቱም ዋጋ ጋር እየተጣመረ ሦስት መስመር ይሆናል።

ዋጋው በተለወጠበት ዕለት የተሸጠው አዲሱን ዋጋ ይይዛል። ለውጡ ከሰዓት በኋላ ከሆነና የጠዋቱ ሽያጭ በአሮጌው ከተቆረጠ፣ በሁለቱም ፋይል ላይ ከቀኑ ኋላ ሰዓቱንም ጨምሩ። ሰዓቱ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ይሁን፤ በእኛ አቆጣጠር የጠዋቱ 12 ከ1 ሰዓት በልጦ ቅደም ተከተሉን ያፋልሳል።

ድምሩን ከመሥራታችሁ በፊት በ«ኢዝኤንኤ» ዋጋ ያጡ መስመሮችን አውጡ። ወይ ከመጀመሪያው የዋጋ ቀን በፊት የተሸጡ ናቸው፣ ወይ የዕቃው ስም አልገጠመም። ባዶውን በዜሮ አትሙሉት፤ ሽያጩ በነጻ የሄደ ይመስላል።