የድግስ ጋዝ ምድጃ አመራረጥና አተካከል፦ ከደሴ በያጅ

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ብሎ የተረተው ሰው በጋዝ ደግሶ አያውቅም። እኔ ደሴ ላይ ብረት ስበይድ የምውል ሰው ነኝ። በሌላው ጊዜ በርና መስኮት እሠራለሁ፤ ጥር ሲቃረብ ግን ደጄን የሚሞላው ባለ ሠርግ ነው። አንዷ የጠላ አሻሮ የምትቆላበት፣ ሌላዋ የማያሰክረውን ቀሪቦ የምታፈላበት፣ አንዱ ደግሞ ጎድን የሚጠብስበት ምድጃ ይፈልጋሉ። የሁሉም ትእዛዝ ታዲያ አንድ ነው፦ «እሳቱ ትልቅ ይሁን!» እኔ ደግሞ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ድስቱ ነው።

ስንት ጀሪካን?

ይህ ካልታወቀ ምድጃ መምረጥ አይቻልም። ሁለት ጀሪካን ማለትም 40 ሊትር ውሃ ደሴ ላይ ከቅዝቃዜው ተነስቶ እስኪፈላ፣ ግማሹ ሙቀት በድስቱ ጎንና ጎን ይባክናል ብለን ብንይዝ፣ ከግማሽ ኪሎ ትንሽ ከፍ ያለ ጋዝ ይበላል። የጋዙ መጠን በትንሽ ምድጃም በትልቅም ብዙ አይለያይም። የሚለየው ሰዓቱ ነው። የቤት ስቶቭ ትልቁ ራስ ብዙውን ጊዜ ከ3 ኪሎዋት አያልፍም፤ በእሱ 40 ሊትር አፈላለሁ ያለ ሰው ከሦስት ሰዓት በላይ ይቆማል። 10 ኪሎዋት የሚለው ምድጃ ግን አንድ ሰዓት ግድም ይበቃዋል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው በቢቲዩ ከሆነ 34,000 ቢቲዩ ማለት 10 ኪሎዋት ነው።

እስከ አንድ ጀሪካን ለሚያፈላ 5 ኪሎዋት ይበቃል። ለሁለት ጀሪካን 10 ያዙ። የበርሜል ግማሽ ሙሉ ለማፍላት ለሚያስብ ግን አንድ ግዙፍ ምድጃ ከመፈለግ ሁለት መካከለኛ ገዝቶ በሁለት ድስት መክፈሉ ይሻላል። አንዱ ቢበላሽ ሌላው አለ። ደግሞ እኛ ወሎዎች ነን፤ አንድ ሠርግ ላይ የጠላውም የቀሪቦውም እንግዳ ይመጣል። ጠላ የነካው ዕቃ ለቀሪቦ እንደማይነሳ ማንም ስለሚያውቅ ከመነሻውም ሁለት ድስት ያስፈልጋል።

ምድጃዎቹ በሦስት ይከፈላሉ። አንደኛው ቀለበት ነው፤ ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው ወፍራም ብረት፣ አንዱ ቀለበት በሌላው ውስጥ የተቀመጠ፣ ለየቀለበቱ የራሱ መክፈቻ ያለው። ሁለተኛው አፉ አንድ ላይ ተሰብስቦ የሚያገሳው ነው፤ እሳቱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወረወራል። ሦስተኛው ረጅም ቱቦ ሆኖ ጎኑ የተበሳ ነው፤ እሱ ለሥጋ መጥበሻ ነው። ድግስ ለሚደግስ ቤት እኔ የምመክረው ባለ ሁለት ወይም ባለ ሦስት ቀለበቱን ነው። የሚያገሳው ለማፍላት ፈጣን ነው፤ ነገር ግን አሻሮ ስትቆሉበት የምጣዱን መሃል አክስሎ ዳሩን ጥሬ ይተዋል። ቂጣውንም እንዲሁ። ቀለበቱ የውጪውን ብቻ አብርቶ ዝቅ በማድረግ ምጣዱን እኩል ያግላል። እሳቱ ሲጮህ ሥራ የሚፋጠን የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ጎረቤት ከመቀስቀስ ሌላ ጥቅም አላየሁበትም።

ደሴ ላይ አየሩ ስስ ነው

ደሴ 2,500 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ይሳሳል። ምድጃው ደግሞ የሚነደው ጋዙን ከአየር ጋር ቀላቅሎ ነው። ቆላ አገር ተለክቶ የተሠራ ምድጃ እዚህ ሲመጣ ጋዙ ይበዛበታል፣ አየሩ ያንሰዋል፤ እሳቱ ቢጫ ይሆናል፣ ድስቱ ቂጥ ላይ ጥላሸት ይለጠፋል። ሰው ታዲያ «ጋዙ ተበርዞ ነው» ይላል። አብሽሩ፣ ብዙውን ጊዜ ጋዙ ምንም አልሆነም።

ከመክፈቻው ቀጥሎ፣ ቱቦው ከሚጀምርበት ላይ፣ የሚዞር ክብ ቆርቆሮ አለ። አየር የሚገባው በእሱ ነው። አብርታችሁ ቀስ እያላችሁ ክፈቱት፤ ቢጫው ጠፍቶ እሳቱ ሰማያዊ እስኪሆን። ከልክ በላይ ከፈታችሁት እሳቱ ከቀዳዳው ተነስቶ አየር ላይ ይንሳፈፋል፣ ወይም «ጧ» ብሎ ወደ ቱቦው ይመለሳል። ያኔ ትንሽ መልሱት። ሙሉ በሙሉ ተከፍቶም ቢጫው ካልለቀቀ ጋዝ የሚረጨው የነሐስ አፍንጫ ቀዳዳው ሰፍቷል ማለት ነው፤ ጠበብ ባለ ይቀየር። በመርፌ ወይም በሽቦ የሚጎረጉሩ አሉ፤ የባሰ ነው የሚያሰፉት።

ካርቶኑ ላይ 10 ኪሎዋት የሚለው ደሴ ላይ 7 ወይም 8 ነው ብላችሁ ቁጠሩ። ቅድም አንድ ሰዓት ያልኩት ይህን ቀንሼ ነው። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ከደገሳችሁ አየሩ ይወፍራልና ያንኑ ቆርቆሮ እንደገና አስተካክሉ። ወገል ጤና ለምትወጡ ደግሞ ከደሴም በላይ ክፈቱ።

ውሃው ራሱ ደሴ ላይ በ92 ዲግሪ ግድም፣ ኮምቦልቻ በ94 ግድም ይፈላል። ለቀሪቦ ይህ ብዙ አያሳስብም፤ ጠቁሮ የተቆላው ገብስ ትንሽ ደቂቃ ቢጨመርለት ቀለሙንም ጣዕሙንም ይሰጣል። በቤታቸው ቢራ መጥመቅ ለሚሞክሩ ልጆች ግን ልዩነት አለው። ሆፕ (ቢራውን የሚያመርረው አበባ) ሲፈላ ምሬቱ የሚወጣው በሙቀቱ ልክ ስለሆነ፣ መመሪያው 60 ደቂቃ ካለ እዚህ ከዚያ አስረዝሙት። ለጠጅ ጌሾ የምታፈሉም እንዲሁ። ብቅሉን ከ65 እስከ 68 ዲግሪ ይዞ ማቆየት የሚቻለው የውስጠኛውን ቀለበት ብቻ ዝቅ አድርጎ ነው፤ እሱም ከበዛ አጥፍቶ ድስቱን በብርድ ልብስ መጠቅለል።

ረጉሌተር፣ ጎማ፣ ሲሊንደር

የቤት ስቶቭ ረጉሌተር ግፊቱ ቋሚ ነው፤ 30 ሚሊባር አካባቢ። ቀለበት ምድጃ ብዙው በዚህ ይሠራል። የሚያገሳው ግን ግፊቱ ከፍ የሚል፣ በእጅ የሚስተካከል ረጉሌተር ይፈልጋል፤ ጎማውም ያን ግፊት የሚችል መሆን አለበት። ያለ ረጉሌተር በቀጥታ ከሲሊንደር ቀጥልልኝ የሚለኝን አልቀጥልም። ረጉሌተር ስትገዙ የሲሊንደራችሁን አፍ አይታችሁ ግዙ፤ የአንዱ ኩባንያ በሌላው ላይ ላይገጥም ይችላል። ጎማው ሁለት ሜትር ያህል ቢሆን፣ በሁለቱም ጫፍ በፋሸታ (በብሎን በሚጠብቅ የብረት ቀለበት) ቢጠብቅ፣ በምድጃው ሥርም ባያልፍ። ሽቦ ጠምዝዞ ማሰር ጎማውን ይቆርጠዋል።

የጥር ጠዋት የሚመጣ አንድ ጣጣ አለ። ትንሽ ሲሊንደር ላይ ትልቅ ምድጃ ከቀጠላችሁ፣ ጋዙ ከፈሳሽነት ወደ አየርነት ሲለወጥ ሙቀቱን ከራሱ ከሲሊንደሩ ይወስዳል። ሲሊንደሩ ውጪው ውርጭ ይለብሳል፤ እሳቱ ይሞታል፤ ውስጡ ግን ገና ጋዝ አለ። ይህን ጊዜ ከሥሩ ፍም የሚያስጠጋ ሰው አይቻለሁ። ይህ ሞት መጥራት ነው። ለብ ያለ ውሃ አፍስሱበት፣ ወይም ሁለተኛ ሲሊንደር ይዛችሁ አፈራርቁ። 10 ኪሎዋት ለሚበላ ምድጃ ትልቁን የ12.5 ኪሎውን ሲሊንደር ያዙ። እንዳይተኛ፤ ከተኛ ፈሳሹ በጎማው ይመጣል።

ጉልቻው

40 ሊትር የያዘ ድስት ከነዕቃው ከ40 ኪሎ በላይ ነው፤ በዚያ ላይ የፈላ። የደሴ ግቢ ደግሞ ሜዳ የለውም፤ ሁሉ ዳገት ነው። ስለዚህ ሦስት እግር። አራት እግር ወጣ ገባ መሬት ላይ ሁልጊዜ ይነቃነቃል። እኔ እግሩን ከ40 በ40 ሚሊ ሜትር አንጎላሬ (ጎኑ እንደ ማዕዘን የታጠፈ ብረት) እሠራለሁ፣ ወደ ውጪ ከፈት አድርጌ፣ ከታች በቶንዲኖ (በድቡልቡል ዘንግ ብረት) አስሬ። ቁመቱ ከጉልበት አይለፍ፤ ሴቶቹ ጎንበስ ላለማለት ከፍ አድርግልን ይላሉ፣ እውነታቸውን ነው፣ ግን ድስቱ ከፍ ባለ ቁጥር መውደቁም ይቀላል።

በእሳቱና በድስቱ መካከል ያለው ርቀት ተረቱን ያፈርሰዋል። ለቀለበት ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር፣ ለሚያገሳው ከ8 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር። እሳቱ ውስጥ ጠንከር ያለ ሰማያዊ ሾጣጣ ይታያል፤ ጫፉ ድስቱን መንካት የለበትም። ከነካ ይቀዘቅዝና ሳይነድ የቀረው ጋዝ ጥላሸትና መርዛማ ጭስ ይሆናል። ምድጃውን ከፍና ዝቅ ማድረግ እንዲቻል እግሩ ላይ ሦስት ደረጃ ማንጠልጠያ አስበይዱ።

ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ንፋስ እሳቱን ይበትነዋል። በሦስት ጎን ላሜራ አቁሙ፤ ከታች አራት ጣት ክፍት ይሁን፣ ከላይም ድስቱን አይጠጋ። ሲሊንደሩ ግን ከላሜራው ውጪ ይቀመጥ።

ሥጋውን በተመለከተ

የጎድን ጥብስ በጋዝ እንደ ከሰል አይጣፍጥም የሚሉኝን አልከራከርም። ጭሱ የሚመጣው ግን ስቡ ትኩስ ብረት ላይ ሲንጠባጠብ ነው፤ ይህን በጋዝም ማምጣት ይቻላል። ቱቦ ምድጃው ላይ አንጎላሬ እንደ ጣሪያ ይደፋል። ስቡ እሱ ላይ ይወድቃል፣ ይጨሳል፣ ወደ ጎን ይፈሳል፤ የቱቦው ቀዳዳም አይደፈንም። ጣሪያ የሌለው መጥበሻ ስቡ እሳቱ ላይ በወደቀ ቁጥር ይንቦገቦግና ሥጋውን ያጠቁረዋል። መረቡን ከጣሪያው ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉ፤ ክዳን ካለው አሥር ደቂቃ አስቀድማችሁ አግሉት።

ብረቱ ዚንክ የተቀባ አይሁን። ነጭ አብረቅራቂው ቱቦ ርካሽ ነው ብሎ ይዞ የሚመጣ አለ፤ ሲግል የሚወጣው ጭስ ያሳምማል። ለመረቡ ጥቁር ቶንዲኖ በቂ ነው፣ ዘይት ተቀብቶ ሁለት ሦስቴ ከተቃጠለ በኋላ ሥጋ አይዝም። የክርስቲያኑና የእስላሙ ሥጋ ለየብቻ ስለሚጠበስም መረቡን ብቻ ሳይሆን የመጥበሻውን ሳጥን ከነጣሪያው ሁለት አሠሩ። ስቡ የሚቀረው ጣሪያው ላይ ነውና።

ሲለኮስ

በመጀመሪያ መገጣጠሚያውን ሁሉ በሳሙና አረፋ ቀቡ፤ አረፋ ከነፋ ያፈሳል። ክብሪት ጭሮ መፈተሽ አይታሰብም። የጋዙ ሽታ ሆን ተብሎ የተጨመረ ነው፤ ከሸተታችሁ አምኑት። ጋዙ ከአየር ይከብዳል፤ እንደ ውሃ ቁልቁል ነው የሚሄደው። ደሴ ላይ ቁልቁል ያለው ደግሞ የጎረቤት ቤት ነው። ሲሊንደሩን ከበታች ካለ በር ወይም ጉድጓድ አርቁት፤ ድንኳን ወይም ዳስ ውስጥ ግድግዳውን አውርዳችሁ አታንድዱ።

ክብሪቱ ይቅደም፣ ጋዙ ይከተል። ስታጠፉ ከሲሊንደሩ ጀምሩ፤ ጎማው ውስጥ የቀረው ነዶ ይለቅ። ድስቱን አንድ አምስተኛ ያህል አጉድሉ። የቀሪቦም የቢራም አረፋ ገንፍሎ እሳቱን ካጠፋ ጋዙ ዝም ብሎ መውጣቱን ይቀጥላል፤ ስለዚህ የሚፈላ ድስት ጥሎ ቡና ጠርቶኝ ነው ብሎ መሄድ የለም።

አረቄ ማውጫ ሥራልኝ የሚሉኝን እምቢ ብዬ እመልሳለሁ። የሚወጣው ተን ራሱ ይነዳል፣ ክፍት እሳት ደግሞ ከሥሩ ነው፤ ሸክላውም ቀጥተኛ የጋዝ እሳት ሲያገኘው ይሰነጠቃል።

ከድግሱ በኋላ ቀለበቱን በሽቦ ብሩሽ አጽድታችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ዘይት ቢጤ ቀብታችሁ አስቀምጡ። የቱቦውን አፍ በጨርቅ ድፈኑት፤ ሸረሪት ድር ትሠራበታለች፣ በዓመቱ ስትለኩሱት አየሩ ታፍኖ ቢጫ ይነዳል። የቀረውን ጋዝ ለማወቅ ሲሊንደሩን አታወዛውዙ። አንገቱ ላይ ባዶ ክብደቱ ተጽፏል፤ እህል ነጋዴ ሚዛን ላይ አውጥታችሁ ያንን ቀንሱለት፣ ለሚቀጥለው ድግስ ስንት ጀሪካን እንደሚያፈላ ታውቃላችሁ።