ማድሪድ ሳን ሚጌል ገበያ ገብቶ እንዴት ይበላል? ለጿሚና አሳማ ለማይቀምስ ሰው

ማድሪድ የሄደ ሰው ፕላዛ ማዮርን ሳያይ አይመለስም። ከአደባባዩ በምዕራብ በኩል ወጥታችሁ ጥቂት ስትራመዱ በብረትና በመስታወት የተሠራ አዳራሽ ታገኛላችሁ። ሜርካዶ ዴ ሳን ሚጌል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1916 ሲከፈት የሰፈሩ ሰው አትክልት፣ ሥጋና ዓሣ የሚሸምትበት ገበያ ነበር። ከጊዜ በኋላ ደንበኛ እየራቀው ተዳከመ፤ በ2009 ታድሶ ሰው እየዞረ የሚቀምስበት የምግብ አዳራሽ ሆነ። ዋጋው ወደድ ይላል። ቢሆንም የስፔንን ምግብ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በትንሽ በትንሹ ማየት ለሚፈልግ ሰው ከልቤ እመክረዋለሁ።

መግቢያው ነጻ ነው። በሜትሮ የምትመጡ ከሆነ ሶል ወይም ኦፔራ ላይ ውረዱ። ቱሪስት የሚበዛበት አካባቢ ስለሆነ ኪስ አውላቂ አይጠፋም፤ ቦርሳችሁን ወደ ፊት አዙሩት።

ሰዓቱን ምረጡ። ገበያው ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ይከፈታል፤ የምናገረው በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ነው። ስፔኖች ምሳ የሚበሉት 8 እና 9 ሰዓት ላይ፣ እራት ደግሞ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ነው። በተለይ ቅዳሜና እሁድ በእነዚህ ሰዓታት ሳህን ይዞ መቆሚያ ይጠፋል። በሥራ ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ ከ5 እስከ 6 ሰዓት ብትገቡ ሻጩም ጥያቄያችሁን ለመስማት ጊዜ አለው። ይህ ለምን እንደሚጠቅም አሁን ታያላችሁ።

ገብታችሁ ወዲያው አትግዙ። መጀመሪያ አንድ ዙር ዙሩ። መደቦቹ ለየብቻ ናቸው፤ ከአንዱ ገዝታችሁ እዚያው ትከፍሉና ሳህናችሁን ይዛችሁ መቆሚያ ወይም ጠረጴዛ ትፈልጋላችሁ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ፤ ወደ አሳማው። ስፔን ውስጥ አሳማ ሥጋ ብቻ አይደለም፣ ማጣፈጫም ነው። ኻሞን የሚሉት በጨው የደረቀ የአሳማ ጭን ተሰቅሎ ስለሚታይ እሱን መሸሽ ቀላል ነው። የሚያስቸግረው የማይታየው ነው። ክሮኬታስ ከውጭ ሲያዩት ድንች ይመስላል። ውስጡ ግን በወተትና በዱቄት የተሠራ ለስላሳ ነገር ነው፤ በጣም በተለመደው ዓይነት ውስጥ የተከተፈ ኻሞን አለ። ሳልሞሬኾ የሚባለው ቀዝቃዛ የቲማቲም ሾርባ ላይ ኻሞንና እንቁላል ይነሰነሳል። ምስሩ፣ ሌንቴኻስ፣ ብዙ ጊዜ ቾሪሶ የሚባል የአሳማ ቋሊማ ይገባበታል። አንዳንድ ብስኩትና ጣፋጭ ዳቦ ሳይቀር በአሳማ ስብ ይሠራል። ማንቴካ ከተባላችሁ ስብ ነው፤ ማንቴኪያ ከሆነ ቅቤ ነው።

«ሥጋ አልበላም» ማለት አይበቃም። ብዙ ስፔናዊ ካርኔ፣ ማለትም ሥጋ፣ ሲባል የሚታየው ጥብስ ነው፤ ኻሞንን ከዚያ አይቆጥረውም። ሥጋ የለውም ብሎ ሰጥቷችሁ ኻሞን ብታገኙበት ሰውየው አልዋሸም። ስለዚህ በስም በስሙ ጠይቁ። «ዬባ ሴርዶ?» አሳማ አለው? «ዬባ ኻሞን?» ኻሞን አለው? ሁለቱንም ጠይቁ፣ አንዱ አይበቃም። ክሮኬታና ድንች በአንድ ዘይት ሊጠበሱ ስለሚችሉም አጥብቆ የሚጠነቀቅ ሰው የተጠበሰ ነገር ቢያልፍ ይሻላል። በወይን የሚበስል ምግብም አለ፤ አልኮል የማይነካ ሰው «ዬባ ቢኖ?» ይበል።

ጾም ላይ ከሆናችሁ አትሳቀቁ፣ የሚበላ አይጠፋም። የወይራ ፍሬ አለ። ቲማቲምና የወይራ ዘይት የተቀባ ዳቦ፣ ፓን ኮን ቶማቴ፣ ካገኛችሁ ያለ ኻሞን እዘዙት። ጋስፓቾ የተፈጨ ጥሬ አትክልት ነው፤ ለበጋ ሙቀት እሱን የመሰለ የለም። ፒሚየንቶስ ዴ ፓድሮን ተጠብሶ ጨው የሚነሰነስበት ትንንሽ ቃሪያ ነው፤ አብዛኛው አያቃጥልም፣ አልፎ አልፎ ግን አንዱ ያቃጥላል። ፓታታስ ብራባስ በሚባለው የተጠበሰ ድንች ላይ ነጭ ማባያ ካያችሁ እንቁላል ያለው አሊዮሊ ሊሆን ይችላል። ቶርቲያ ደግሞ የድንችና የእንቁላል ስለሆነ ለጾም አይሆንም። ዓሣ የምትበሉ ከሆነ ኺልዳን ሞክሩ፦ የወይራ ፍሬ፣ ቃሪያና በጨው የቆየ ትንሽ ዓሣ በስንጥር ተሰክቶ ይመጣል። ለእኔ ከገበያው ሁሉ ምርጡ እሱ ነው።

አሳማ የሚበላ ጓደኛ አብሯችሁ ካለ ጥቁር መለያ ያለበትን ኻሞን ይጠይቅ፤ ከፍተኛው ደረጃ እሱ ነው።

ሁሉንም ባንድ ጊዜ አትዘዙ። አንድ ሳህን ለሁለት፣ ከዚያ ቀጣዩ መደብ። እዚህ ሙሉ ምሳ እበላለሁ ማለት ኪስን ያራቁታል። ሦስት አራት ነገር ቀምሳችሁ ውጡና ተቀምጣችሁ ለመብላት በእግር ወደ ካባ ባኻ ጎዳና ውረዱ፤ ግራና ቀኙ ምግብ ቤት ነው።

ጣፋጭ ካማራችሁ ከገበያው ብዙ ሳይርቅ ከ1894 ጀምሮ የሚሠራ ሳን ኺኔስ የሚባል ቸኮላት ቤት አለ። እዚያ ቸኮላት ውስጥ እየነከሩ የሚበሉት ቹሮ ዱቄት፣ ውኃና ጨው ተቦክቶ በዘይት የሚጠበስ ነው። የሚነከርበት ቸኮላት ግን ወተት ሊኖረው ስለሚችል ጿሚ አስቀድሞ «ዬባ ሌቼ?» ብሎ ይጠይቅ።