ረጅም ሌንስ ተይዞም ወፏ ብዥ ካለች፦ ችግርና መፍትሄ

«ሌንሴ አልጠራ አለኝ፤ የትኛውን ልግዛ?» የሚል ጥያቄ ይደጋገምብኛል። ፎቶዎቹን ላኩልኝ እላለሁ፤ ይልካሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሌንሱ ጤነኛ ሆኖ ይገኛል። ለወፍ ፎቶ ረጅም ቴሌፎቶ (ሩቁን የሚያቀርብ ሌንስ) የሚመርጥ ሰው በእጁ ያለው ሌንስ የሚያሳየውን ምልክት በቅድሚያ ማወቅ አለበት። ምክንያቱ ሳይለይ 400 ሚሊ ሜትሩን ሸጦ 600 የሚገዛ ሰው (ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ሌንሱ ሩቁን ይበልጥ ያቀርባል) ያንኑ ችግር አጉልቶ ነው የሚገዛው። መስታወቱ መጽዳቱን፣ ኦቶፎከሱ (ፎከሱን በራሱ የሚያስተካክለው) ማንዋል፣ ማለትም በእጅ የሚስተካከልበት ቦታ ላይ አለመሆኑን፣ ባትሪውና ካርዱ ደህና መሆናቸውን አይታችኋል ብዬ እቀጥላለሁ።

መጀመሪያ ብዥታውን ለዩት

ፎቶውን መቶ በመቶ አጉሉትና በወፏ ዓይን ውስጥ ያለችውን የብርሃን ነጥብ ፈልጉ። ነጥቧ ወደ አንድ አቅጣጫ ተስባ መስመር ከሠራች፣ ካሜራው ወይም ወፏ ተንቀሳቅሰዋል። ነጥቧ ደብዝዛ ከፊት ያለው ቅርንጫፍ ወይም ከኋላ ያለው ቅጠል ጥርት ካለ፣ ፎከሱ ስቷል። በፍሬሙ ውስጥ አንድም የጠራ ነገር ከጠፋ፣ የላባው ጠርዝ ከተንሻፈፈ ወይም ድርብ ከሆነ፣ ቀጣዩ ፍሬም ደግሞ በሌላ መልክ ከተንሻፈፈ፣ ጥፋቱ የአየሩ ነው። ሰዎች የማያምኑኝ ይህን ሦስተኛውን ነው። ደጋግሜ የማየውም እሱን ስለሆነ ከእሱ እጀምራለሁ።

ምልክት፦ ቅርቧ ወፍ ትጠራለች፣ ሩቋ ትንሻፈፋለች

ምክንያቱ የሚርገበገብ አየር ነው። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቅ ከመሬቱ የሚነሳው ሙቅ አየር ከላይ ካለው ቀዝቃዛ አየር ጋር ይደበላለቃል። ብርሃን በሁለቱ ውስጥ እኩል ስለማይጓዝ ባለፈበት ሁሉ ትንሽ ትንሽ ይሰበራል። ከተቀጣጠለ እሳት በላይ አሻግራችሁ ስታዩ ማዶ ያለው ነገር እንደሚርገበገበው ማለት ነው። በዓይናችሁ ምንም ላታዩ ትችላላችሁ። 600 ሚሊ ሜትር ሌንስ በፉል ፍሬም ካሜራ (ትልቅ ሰንሰር፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበል ሰሌዳ ባለው) ላይ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን የሚያየው 4 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው፤ ወፏን ሲያቀርብ መርገብገቡንም አብሮ ያቀርበዋል።

አንድ ሰው ከጠጠራማ ዳርቻ ላይ ሆኖ ማዶ የሚዋኙ ዳክዬዎችን ሲያነሳ ሁሉም ፎቶ እየተበላሸበት ሌንሱን ለጥገና ላከው። «ጉድለት የለውም» ተብሎ ተመለሰ። ደግሞ ላከው፤ ያው መልስ መጣ። ጥገና ቤቱ ያጭበረበረው መስሎት ተናዶ ሌንሱን ሊሸጥ ሲል ለአንድ ጠዋት አውሰኝ አልኩት። ፀሐይ ጠጠሩን ሳታሞቀው፣ ወደ ዳርቻው የቀረበች ዳክዬ በዚያው ሌንስ አነሳሁ። በጎኗ ያሉት ቀጫጭን መስመሮች አንድ በአንድ የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ምንቃሯ ላይ የቀረችው የውሃ ጠብታ እንኳ ከነነጸብራቋ ትታያለች። እኩለ ቀን ላይ ከዚያው ቦታ፣ በዚያው ሌንስ፣ ማዶ ያሉትን ሳነሳቸው አንገታቸው እንደ ገና ተንሻፈፈ። ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን ካየ በኋላ መሸጡን ተወው።

ከመኪና ውስጥ የሚያነሱ ሰዎች ደግሞ የራሳቸው ጣጣ አለባቸው። ሞተሩ ይሠራል፣ ማሞቂያው ይነፍሳል፣ መስኮቱ ይከፈታል፤ ውስጥ ያለው ሙቅ አየር ልክ በሌንሱ አፍ ላይ ከውጭው ቅዝቃዜ ጋር ይጋጫል። በዚህ ሁኔታ የትኛውም ሌንስ አይጠራም። ሞተሩንም ማሞቂያውንም አጥፉ፣ መስኮቶቹን ከፍታችሁ ውስጡ ከውጭው እስኪስተካከል ታገሡ። በሞተሩ መክደኛ በላይ አሻግራችሁ አታንሱ፤ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ብረቱ ለረጅም ጊዜ ሙቀት ይተፋል። ሌንስ ሁዱም (ከሌንሱ ፊት የሚገጠመው የጥላ ቀለበት) ሙቅ አየር ያጉራል፦ ሌንሱን ከሞቀ ቤት ወደ ብርድ ስታወጡት ሁዱን ለጊዜው አውልቁና ሌንሱ ይቀዝቅዝ።

ይህን ብዥታ ሹተር ስፒድ (የካሜራውን መዝጊያ ፍጥነት) በመጨመር ማዳን አይቻልም፤ አፐርቸር (የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ) ማጥበብም አይረዳም። «ዛሬ ብርድ ስለሆነ አየሩ ደህና ነው» የሚለውን ግምት ተዉት። በብርድ ቀን ፀሐይ የመታው ጥቁር አፈር፣ አስፋልት፣ የቤት ጣሪያ፣ ከአየሩ የሞቀ ውሃም ያው ነው። ከመሬት ጋር ተጠግቶ በሞቀ ሜዳ ላይ አሻግሮ ማንሳት ከሁሉም የከፋው ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አድርጉ፣ በወፏ ርቀት ላይ ያለ ድንጋይ ላይ ፎከስ አድርጉ፣ ስክሪኑ ላይ አጉልታችሁ ጠርዙን ተመልከቱ። ጠርዙ ከዋኘ ሌንሱን አትውቀሱ። በማለዳ ወይም ሰማዩ ሲደምን ድገሙት፤ ያን ጊዜ ከጠራ ነገሩ አልቋል።

መፍትሄው ሌንስ ማስረዘም ሳይሆን መቅረብ ነው። ሒሳቡን እዩት። 15 ሴንቲ ሜትር የሆነች ወፍ 20 ሜትር ላይ ሆና በ600 ስትነሳ ሰንሰሩ ላይ የምትይዘው 4.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ የፉል ፍሬም ሰንሰር ወርድ 36 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከወርዱ አንድ ስምንተኛ መሆኑ ነው። እዚያችው ወፍ ዘንድ 10 ሜትር ድረስ ቀርባችሁ በ400 ብታነሷት 6 ሚሊ ሜትር ትሆናለች። አጭሩ ሌንስ ረጅሙን በለጠው፤ በመካከላችሁ ያለው አየርም በግማሽ ቀነሰ። ዝቅ ብላችሁ ቀስ በሉ፣ ፊት ለፊት አትራመዱባት፣ የምትመጣበትን ቦታ አጥንታችሁ ቀድማችሁ ተቀመጡ። ጎጆ ላይ ያለች ወፍ ግን አትቀረብም! እናትየው ከተነሳች እንቁላሉ ለብርድ፣ ለፀሐይና ለቁራ ይጋለጣል። መብላቷን ካቆመች፣ አንገቷን ካሰገገች፣ የማስጠንቀቂያ ጩኸት ካሰማች ወደ ኋላ ተመለሱ። ምንም ፎቶ ከዚህ አይበልጥም።

ምልክት፦ የብርሃኗ ነጥብ መስመር ሆናለች

ሹተር ስፒዱ ዘግይቷል። «አንድ ሲካፈል ለሌንሱ ርዝመት» የሚለው የድሮ ደንብ የእጅን መንቀጥቀጥ እንጂ የወፍን እንቅስቃሴ አያውቅም። ለተቀመጠች ወፍ ከ1/1000 ሰከንድ፣ ለማታርፍ ድንቢጥ ከ1/1600፣ ለምትበር ከ1/2000 እስከ 1/3200 ጀምሩ። እጃችሁ እየጸና ሲሄድ የተቀመጠችውን ዝቅ ባለ ፍጥነት መሞከር ትችላላችሁ። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ላለመጨመር ብላችሁ በ1/250 አትሙቱ፤ ኖይዝ (ፎቶው ላይ የሚወጣው ብናኝ) በኮምፒውተር ይጸዳል፣ የተሳበ ላባ ግን አይመለስም። ሌንሱ ውስጥ ያለው ማረጋጊያ የእናንተን እጅ ያረጋጋል እንጂ ክንፍ አያቆምም። አሮጌ ሌንሶች ላይ ደግሞ ትራይፖድ ላይ ሆኖ ማረጋጊያው ካልጠፋ ራሱ ብዥታ ይፈጥራል።

ስለ ትራይፖድ ካነሳን፣ ከ2 ኪሎ በላይ የሆነ ሌንስ በቀጭን የፕላስቲክ ራስ ላይ አስቀምጦ «ሌንሱ አይጠራም» ማለት ያናድደኛል። የትራይፖዱን መካከለኛ ዘንግ ወደ ላይ አታውጡ። የሌንሱን እግር (ከሥሩ ያለውን የትራይፖድ ማሰሪያ) ብሎን አጥብቁ። ካሜራውን ሳይሆን ሌንሱን በእግሩ እሰሩት። ከባድ ሌንስ የተገጠመበትን ካሜራ በካሜራው ይዞ ማንጠልጠል ማውንቱን (ሌንሱና ካሜራው የሚገናኙበትን ቀለበት) ሊያጎብጥ ይችላል፤ የጎበጠ ማውንት ደግሞ በአንድ ጎን ብቻ የሚደበዝዝ ፎቶ ይሰጣችኋል።

ምልክት፦ ቅርንጫፉ ጠራ፣ ወፏ ደበዘዘች

600 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 6.3 (የአፐርቸር ቁጥር ነው፤ ሲያንስ ብርሃን ይበዛል)፣ 10 ሜትር ርቀት፦ ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት በፉል ፍሬም 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። 5 ሜትር ላይ 2.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ዓይኗ ጠርቶ ጅራቷ ይደበዝዛል ማለት ነው። ትንሹን የፎከስ ነጥብ ተጠቀሙ፣ ካሜራችሁ የወፍ ዓይን መለያ ካለው አብሩት፤ ቅጠል በበዛበት ቦታ ግን ወደ ነጠላ ነጥብ ተመለሱ።

ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ፣ ሁልጊዜ ከፊት ወይም ሁልጊዜ ከኋላ ከሳተ፣ ካሜራውም መስታወት ያለው ዲኤስኤልአር ከሆነ፣ ሌንሱና ካሜራው አልተናበቡም። በስክሪኑ ስታነሱ ጠርቶ በቪውፋይንደሩ ስታነሱ ከሳተ የካሜራው ማይክሮ ማስተካከያ (ፎከሱን ትንሽ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ የሚያርመው) ይፈታዋል። ሚረርለስ (መስታወት የሌለው) ካሜራ ፎከሱን ከሰንሰሩ ላይ ስለሚወስድ ይህ ጣጣ የለበትም።

በስክሪኑም በቪውፋይንደሩም ካልጠራ ፊት ላይ ያለውን ፊልተር አውልቁ። ይህን ስንቴ ተናግሬያለሁ! አንዲት እህት ጭልፊት ስታነሳ ሁሉም ፎቶ በቀጭን ጉም የተሸፈነ ይመስል ነበር። ስትልክልኝ ከጭልፊቱ ጀርባ ያሉት ቅርንጫፎች ሁሉ ድርብ ናቸው። ፊልተሩን አስወልቄ አስነሳኋት፤ በሰከንድ ውስጥ ተስተካከለ። ያን ያህል የተለፋበት መስታወት ፊት ርካሽ ጠፍጣፋ ብርጭቆ መለጠፍ ሌንሱን መግደል ነው። ለጥበቃ ሁዱ ይበቃል።

ምልክት፦ ሌንሱ ወዲያና ወዲህ ይላል፣ አይዝም

በጎኑ ያለውን የርቀት መገደቢያ ማብሪያ እዩ። የሶኒ 200-600 ከ10 ሜትር በላይ ብቻ ወይም ከዚያ በታች ብቻ እንዲፈልግ ይደረጋል፤ የኒኮን 200-500 ከ6 ሜትር በላይ ብቻ የሚልበት ቦታ አለው። ከቦርሳ ሲወጣ ማብሪያው በራሱ ይንሸራተታል። ከዚያ ቀጥሎ የሌንሱ ዝቅተኛ ርቀት አለ፦ የካነን አርኤፍ 800 ኤፍ 11 ከ6 ሜትር በታች አይዝም፤ ወፏ 4 ሜትር ላይ ካረፈች መጸለይ ነው።

ቴሌኮንቨርተር (በሌንሱና በካሜራው መካከል የሚገባ ማጉያ) ከገጠማችሁ 1.4 እጥፉ አንድ ስቶፕ፣ 2 እጥፉ ሁለት ስቶፕ ብርሃን ይበላል፤ አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ በግማሽ መቀነሱ ነው። ኤፍ 5.6 የነበረው ኤፍ 8 ወይም ኤፍ 11 ይሆናል። ብዙ ዲኤስኤልአሮች ከኤፍ 5.6 በኋላ፣ የተሻሉት ከኤፍ 8 በኋላ ኦቶፎከሳቸው አይታመንም። እስከ 600 በሚደርስ ዙም ላይ 2 እጥፍ መግጠም ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል።

አልፎ አልፎ የሚገጥሙ

መስታወቱ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ካያችሁ ፈንገስ ነው፤ እርጥብ ሌንስ ቦርሳ ውስጥ አትዝጉ። የፍሬሙ ግራ ጠርቶ ቀኙ ሁልጊዜ ከደበዘዘ ውስጡ ያለ መስታወት ከመሃሉ ተንቀሳቅሷል፤ ይህ የባለሙያ ሥራ ነው። «ሌንስ የለም» የሚል መልእክት ሲመጣ የማውንቱን የብረት ነጥቦች በደረቅ ንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ። በኦፕቲካል ቪውፋይንደር ወደ ፀሐይ አታነጣጥሩ፤ ዓይን ያጠፋል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ የትኛው ሌንስ?

መቅረብ ከለመዳችሁና እየተራመዳችሁ የምታነሱ ከሆነ ክብደት ቀዳሚው ነገር ነው። በ1993 የወጣው የካነን 400 ኤፍ 5.6 ማረጋጊያ የለውም፤ ግን 1.25 ኪሎ ነው፣ ለምትበር ወፍ እጅ ላይ ይቀላል። በ2018 የወጣው የኒኮን 500 ኤፍ 5.6 ፒኤፍ 1.46 ኪሎ ሆኖ ብርሃኑን አልነፈገም፤ እጅ ላይ ይዞ ለማንሳት የምመርጠው እሱን ነው። ከመጠለያ ውስጥ ተቀምጣችሁ የምትጠብቁ ከሆነ 2 ኪሎ የሚያልፉት የኒኮን 200-500 እና የሶኒ 200-600 ይመቻሉ፤ ወፏ ስትቀርብ ዙሙን መቀነስ ትችላላችሁ። የሲግማና የታምሮን 150-600 ዙሞች ብዙውን ጊዜ 600 ላይ ወደ ኤፍ 8 ሲጠቡ ይሻሻላሉ፤ ስለዚህ ብርሃን ያለበት ቦታ ላላችሁ ናቸው። ኤፍ 11 ሌንስ ከኤፍ 5.6 አንጻር ብርሃኑ ሩብ ነው፤ ጫካ ውስጥ አይኤስኦው ይወነጨፋል።

420-800 ኤፍ 8.3 ተብለው የሚሸጡትን ርካሽ ማንዋል ሌንሶች አትግዙ። ኦቶፎከስ የላቸውም፣ ካሜራው አያውቃቸውም፣ 800 ላይ አፐርቸራቸው ኤፍ 16 ነው። ፊት ላይ የሚጠመዘዝ «ማጉያ»ም እንደዚያው ነው።

ያገለገለ ስትገዙ ሻጩ ቤት ውስጥ በሚያሳያችሁ ፎቶ አትርኩ። ውጭ ውሰዱት፣ የሚነበብ ጽሑፍ ያለበት ሰሌዳ 10 ሜትር ላይ ፈልጉ፣ ጥላ ያለበት ቦታ ሆኖ በ1/2000 ሙሉ አፐርቸር ላይ ደጋግማችሁ አንሱ፣ አራቱንም ማዕዘን አጉልታችሁ እዩ። ከኋላ በኩል የስልክ መብራት አብርታችሁ በፊት መስታወቱ አሻግራችሁ ተመልከቱ። ማብሪያዎቹን ሁሉ ነካኩ፣ ዙሙን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዙሩ፤ የሚፋቅ ድምፅ ካሰማ ወይም አንድ ቦታ ላይ ከተያዘ መልሱለት።