የከረመ ቡርቦን እንዴት ይቀመሳል? (ኪስ ሳይራቆት)

እኛ ሱሉልታ ውስጥ ውስኪ ሲቀዳ ወይ ኮካ ይጨመርበታል፣ ወይ እንደ አረቄ በመለኪያ አንዴ ጭልጥ ይደረጋል። ለጨዋታ ከሆነ ምንም አይደል። መጠጡ ጥሩ ይሁን አይሁን ለመለየት ግን በሁለቱም መንገድ አይቻልም። በተለይ ብዙ ብር ያልወጣበት፣ ግን ዓመታት በርሜል ውስጥ የከረመ ቡርቦን እጃችሁ ከገባ ትንሽ ጊዜ ስጡት።

መጀመሪያ ጠርሙሱን አንብቡ

ቡርቦን የአሜሪካ ውስኪ ነው። በአገሩ ሕግ ከሚጠመቀው እህል ቢያንስ 51 በመቶው በቆሎ መሆን አለበት። የሚከርመውም ውስጡ በከሰለ አዲስ የኦክ በርሜል ነው። ጋን በወይራ እያጠነ ጠላ የሚጠምቅ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ልዩነቱ በርሜሉ በጭስ ብቻ አይታለፍም፤ ውስጡ ከሰል እስኪሆን በእሳት ይለበለባል። ቀለሙም የቫኒላ ሽታውም በአብዛኛው የሚመጣው ከዚያ እንጨት ነው።

ስትሬት ቡርቦን የሚል ካለበት ቢያንስ 2 ዓመት ከርሟል። ከ4 ዓመት በታች ከሆነ ዕድሜውን መጻፍ ግዴታ ነው። ስለዚህ ስትሬት ተብሎ ቁጥር ካልተጻፈበት 4 ዓመት ሞልቶታል ማለት ነው። ቁጥር ካለ ደግሞ የሚናገረው ከተደባለቁት በርሜሎች ውስጥ በዕድሜ ስለ ትንሹ ነው። ቦትልድ ኢን ቦንድ የሚል ካያችሁ እ.ኤ.አ. በ1897 ከወጣ የአሜሪካ ሕግ የመጣ ነው፦ የአንድ ፋብሪካና የአንድ ወቅት ምርት፣ ቢያንስ 4 ዓመት የከረመ፣ አልኮሉ 50 በመቶ። በመጠነኛ ዋጋ ስገዛ ከወርቃማ ጽሑፍ ሁሉ ይልቅ የማምነው ይህንን ነው። ፕሩፍ የሚለውን ቁጥር ለሁለት አካፍሉት፤ የአልኮሉ መቶኛ ይወጣላችኋል።

ትልቅ የዕድሜ ቁጥር አያማልላችሁ። ስኮች፣ ማለትም የስኮትላንድ ውስኪ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚከርመው ቀድሞ ሌላ መጠጥ ይዞ በነበረ አሮጌ በርሜል፣ ቀዝቃዛ አገር ውስጥ ነው። ቡርቦን አዲስ እንጨት ውስጥ ነው፤ ቡርቦን በብዛት የሚሠራባት የአሜሪካ ግዛት የኬንታኪ በጋ ደግሞ ይሞቃል። የስኮች 12 ዓመትና የቡርቦን 12 ዓመት አንድ አይደሉም። ቡርቦን ሲበዛበት እንጨቱ ይገንንበትና አፍ የሚያደርቅ፣ መራራ ሊሆን ይችላል። ለእኔ ከ6 እስከ 10 ዓመት ያለው ይበቃኛል።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ሳሎን ቡፌ ላይ ከሠርግ ጀምሮ የተቀመጠው ውስኪ እያረጀ አይደለም። ጠርሙስ ውስጥ ከገባ በኋላ ዕድሜው ቆሟል። 6 ዓመት ብሎ የገባ 6 ዓመት ነው።

ማሸጊያው የተነካካ፣ መለያው የተዛነፈ ወይም ፊደሉ የተሳሳተ ጠርሙስ ከሆነ በርካሽ ቢሰጧችሁም ተዉት። አስመስሎ በተሠራ መጠጥ ውስጥ ሜታኖል ከኖረበት ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላልም።

ብርጭቆ

ብርሌ ያምራል፣ ለዚህ ግን አይሆንም። አንገቱ ጠባብ ስለሆነ አፍንጫ አያስገባም። ከላይ ጠበብ ያለ የወይን ብርጭቆ ይሻላል፤ ከሌለ የሻይ ብርጭቆም ያስኬዳል። ግማሽ መለኪያ ቅዱ፤ በረዶ የለም።

ማሽተት

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። ብዙ ሰው አፍንጫውን ብርጭቆው ውስጥ ይደፍቅና አልኮሉ ሲሰነፍጠው "ያቃጥላል" ብሎ ይጨርሳል። ከዚያ በኋላ አፍንጫው ለጥቂት ደቂቃ ምንም አይለይም።

ቀድታችሁ አሥር ደቂቃ ያህል ተዉት። የኛ አካባቢ ማታ ማታ ብርዱ አይጣል ነው። መጠጥ ሲቀዘቅዝ ሽታው ይደበቃል፤ ስለዚህ ብርጭቆውን በመዳፋችሁ አቅፋችሁ አሙቁት። ቡና እየተቆላ፣ እጣን እየጨሰ፣ ጎረቤት የባሕር ዛፍ ቅጠል እያነደደ አትሞክሩት። ሽቶም ተቀብታችሁ አትቀመጡ።

ከዚያ ብርጭቆውን ከአገጫችሁ ጀምሩና ቀስ እያላችሁ ወደ አፍንጫ አምጡት። አፋችሁን ትንሽ ከፈት አድርጉ፤ አልኮሉ ያን ያህል አይሰነፍጥም። ሽታው ሲመጣ እዚያው ቁሙ፣ አትቅረቡ። በጥልቀት አትሳቡ፤ አጭር አጭር አድርጉት። እንደ ወይን ማሽከርከርም አያስፈልግም፤ አልኮሉን ብቻ ነው የሚያስነሳው።

ምን ይፈለጋል? የውጭ ሰዎች የሚጽፉትን የፍራፍሬ ዝርዝር እርሱት። የምታውቁትን ፈልጉ፦ የተቃጠለ ስኳር፣ ቫኒላ፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ማር፣ የበሰለ ሙዝ፣ የተቆላ ኦቾሎኒ፣ እንጨት ቤት በር ላይ የሚሸተው አዲስ ፍቅፋቂ። መጀመሪያ ላይ አሴቶን የመሰለ ነገር ቢመጣ አትደንግጡ፤ በደቂቃዎች ውስጥ ከለቀቀ ችግር የለውም። ሩብ ሰዓት ቆይቶም ካልለቀቀ ነጥብ ቀንሱ። ጥሬ በቆሎ ብቻ የሚሸት ከሆነም በርሜሉ ገና ሥራውን አልጨረሰም።

መቅመስ

የመጀመሪያዋ ጉንጭ አፍ ማስለመጃ ናት፤ ፍርድ አይሰጥባትም። ሁለተኛዋን ፉት በሉና ጥቂት ሰከንድ ምላስ ላይ አንከባልሉ። ከዋጣችሁ በኋላ ጣዕሙ ስንት ጊዜ ቆየ? ጣፋጩ ቀርቶ ምሬት ብቻ ከቀረ እንጨቱ በዝቷል። ቃጠሎ ብቻ ከቀረ ገና ልጅ ነው። አንድ ወዳጄ ሚጥሚጣ በበዛበት ክትፎ ላይ ቀምሶ "ቅመም ይበዛዋል" ብሎ ፈርዶበታል። በባዶ ሆድም አይሁን፤ ትንሽ ዳቦ ይበቃል።

50 በመቶ አካባቢ ያለው ከሆነ በማንኪያ ጫፍ ጥቂት ጠብታ ውሃ ጨምሩና እንደገና አሽትቱ። ብዙ ጊዜ የተደበቀ ነገር ይወጣል። የታሸገ ውሃ ይሁን። አምቦ ውሃ አይሆንም፤ ጋዙም ማዕድኑም ጣዕሙን ያበላሸዋል።

መፍረድ

ብቻውን የተቀመሰ ውስኪ ሁሉ ጥሩ ይመስላል። ሌላ ርካሽ ቡርቦን አጠገቡ አድርጉ። ቤት ያለ ሰው ሳታዩ ይቅዳላችሁ፣ ብርጭቆው ሥር በፕላስተር ቁጥር ይለጥፍ። የወደዳችሁትን ጻፉና ከዚያ ግለጡ። ዋጋ የሚባለው ነገር እንዴት ምላስን እንደሚያታልል ያኔ ታያላችሁ። ከጓደኛ ጋር አዋጥቶ ሁለት ዓይነት መግዛት አንድ ውድ ከመግዛት የበለጠ ያስተምራል። በእንዲህ ያለ ማታ መኪና አይነዳም።

ባዶውን ብርጭቆ ሳታጥቡ አሳድሩትና ጠዋት አሽትቱት። አልኮሉ በኖ የእንጨቱና የተቃጠለ ስኳር የመሰለው ሽታ ብቻ ይቀራል። ምንም የማይሸት ከሆነ ለሚቀጥለው ግዢ ሌላ ምረጡ።

የተረፈውን ክዳኑን አጥብቃችሁ፣ ጠርሙሱን አቁማችሁ ከፀሐይ አርቁ። እንደ ወይን አታጋድሙት፤ ጠንካራ አልኮል ቡሹን ይበላዋል። ከሩብ በታች ሲደርስ አየሩ ያደክመዋልና በጥቂት ወር ውስጥ ጨርሱት።