ትራምፔቱ አልተበላሸም፣ ቫልቩ ደርቆ ነው

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ የትራምፔት ቫልቭ (በጣት የሚጫኑት ክፍል) ሲይዝ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ፒንሳ ነው። ተው! በእርግጥ የሚበላሸው ያኔ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ቫልቩን ሳትጫን አየሩ በዋናው ቱቦ ያልፋል። ስትጫን የፒስተኑ (ቫልቩ ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደው ዘንግ) ቀዳዳዎች ቦታ ይቀይሩና አየሩ በተጨማሪ ቱቦ ዞሮ ይመጣል። መንገዱ ሲረዝም ድምፁ ይወርዳል፦ 2ኛው በግማሽ ድምፅ፣ 1ኛው በአንድ ሙሉ፣ 3ኛው በአንድ ተኩል። 1ኛውንና 3ኛውን አብረህ ስትጫን ግን ድምፁ ከሚገባው በላይ ይሾላል፤ ስለዚህ የ3ኛውን ስላይድ (ተንሸራታች ቱቦ) በቀለበቱ ወደ ውጭ ገፋ አድርገው። አምባሰል ስትነፋ ይቺን ከዘለልካት ጆሮ ያለው ወሎዬ ወዲያው ያውቅብሃል።

በፒስተኑና በቤቱ (ፒስተኑ በሚገባበት ቱቦ) መካከል ያለው ክፍተት ከፀጉር ይቀጥናል። የኮምቦልቻ አቧራ፣ የሻይ ስኳር፣ የጫት ቅሪት፣ ማንኛቸውም ቫልቩን ለማጣበቅ በቂ ናቸው። ቅመህ ከሆነ ቢያንስ ተጉመጥምጠህ ንፋ።

ዘይት ስትቀባ አንድ በአንድ ሥራ። የላይኛውን ክዳን ፈትተህ ፒስተኑን ቀጥ አድርገህ እስከ ግማሽ ሳብ፣ ሦስት አራት ጠብታ የቫልቭ ዘይት ጣልበት፣ መልሰህ አስገባና "ቀጭ" ብሎ ቦታው እስኪይዝ ቀስ ብለህ አዙረው። ፒስተኑ ላይ ቁጥር ተቀርጿል፤ 1 ወደ አንተ የቀረበው ነው። ነፍተህ አየሩ አልሄድ ካለ ወይ ተቀያይረዋል ወይ በደንብ አልተቀመጡም፣ አትደንግጥ።

የምግብ ዘይት በጭራሽ! እያደር ሙጫ ይሆናል። የሞተር ዘይት ደግሞ በጣም ወፍራም ነው። ቫዝሊን ለድምፅ ማስተካከያው ስላይድ ያገለግላል፣ ፒስተን ላይ ግን እንዳትሞክረው። የደሴ የጠዋት ብርድም ዘይት ያወፍራል፤ ድምፅ ሳታወጣ ትንፋሽህን አስገብተህ ቫልቮቹን እየተጫንክ መጀመሪያ አሙቀው።

አልፎ አልፎ ፒስተኖቹን አውጥተህ በለብ ያለ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና እጠብ። የፈላ ውሃ ቀለሙን ይልጠዋል። ከላይ ያሉትን የሱፍ ቁራጮች ውሃ አታስነካ። የታችኛውን ክዳንም ፍታው፣ ቆሻሻው የሚጠራቀመው እዚያ ነው። በንጹሕ ጨርቅ ወልውልና ዘይት ቀባ።

ታጥቦም እዚያው ቦታ ላይ ከያዘ መጀመሪያ ጣትህን እይ፤ በጎን የሚጫን ሰው ብዙ ነው። በጣትህ ጫፍ ቀጥ አድርገህ ተጭነህም ካልተላቀቀ ቤቱ ተጨርምቶ ይሆናል፣ ያኔ የሙዚቃ መሣሪያ ጠጋኝ ፈልግ። ወንበር ላይ ስታጋድመውም የ2ኛው ቫልቭ ቱቦ ወደ ላይ ይሁን፤ በጎን ወጣ ያለ ስለሆነ ከሥር ከዋለ ጫናው ቀጥታ ቫልቩ ላይ ነው የሚያርፈው።