ዱካክ ሲይዛችሁ አትታገሉ

ልብስ ሰፊ ነኝ። ጎንደር አራዳ፣ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ሲንጀሬን ይዤ ከተቀመጥኩ 19 ዓመቴ ነው። ዛሬ ግን ስለ ሱሪ ማሳጠር አይደለም የምጽፈው። ሰው ተኝቶ ሳለ ከሰውነቱ የወጣ ያህል የሚሰማው ነገር አለ አይደል? ክፍሉ ውስጥ ቆሞ፣ ወይ ኮርኒስ ስር ተንሳፍፎ፣ ራሱን አልጋ ላይ ሲያይ? እሱን በልምምድ ማምጣት ይቻላል። እኔን 7 ወር ፈጅቶብኛል። እናንተ ከኔ ስሕተት ከተማራችሁ ቶሎ ይሳካላችሁ ይሆናል።

ነገሩ የሚጀምረው ሁላችንም ከምንፈራው ቦታ ነው፤ ከዱካክ።

ልጅ ሆኜ ዱካክ አይለቀኝም ነበር። ዓይኔ ይገለጣል፣ እጄ አይነሳም፣ ደረቴ ላይ አንድ ነገር ይቀመጣል፣ ልጮህ ስል ድምፅ የለም። አያቴ ትራሴ ስር ቢላ ታስቀምጥልኝ ነበር። ቢላውም ዱካኩም አብረውኝ አደጉ። ምክንያቱን ያነበብኩት ብዙ ቆይቼ ነው። ሕልም በምናይበት የእንቅልፍ ክፍል አንጎላችን ጡንቻዎቻችንን ያስራል። ባያስር ኖሮ በሕልማችን ስንሮጥ እውነትም ከአልጋ ተነስተን እንሮጥ ነበር። አንዳንዴ ታዲያ አእምሮ ቀድሞ ይነቃል፣ ሰውነት ግን ገና አልተፈታም። ዱካክ ማለት ይቺ ክፍተት ናት። በር ላይ የቆመው ጥላም ያላለቀ ሕልም ነው። ከሰውነት የመውጣት ስሜትም ብዙ ጊዜ የሚመጣው በዚችው ክፍተት ነው።

ነፍስ ትወጣለች እያልኩ አይደለም። ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸው ነበር። «ነፍስ የምትወጣው አንዴ ነው፤ ያኔ ደግሞ ተመልሳ ለሰው አታወራም» አሉኝ። ሳይንሱም ከሳቸው ብዙ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ2002 ኦላፍ ብላንክ የሚባል የነርቭ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ጄኔቫ ውስጥ የሚጥል በሽታ ያለባትን ሴት ሲመረምር ነበር። በቀኝ በኩል፣ ከጆሮ ከፍ ብሎ ባለው የአንጎል ክፍል ላይ ትንሽ ኤሌክትሪክ ሰጧት። ሴትዮዋ ከላይ ሆና ራሷን አልጋ ላይ አየች። ያውም እግሯንና ወገቧ አካባቢ ያለውን ብቻ። ያ ቦታ ዓይን ያየውን፣ ቆዳ የነካውንና የሰውነትን ሚዛን አገጣጥሞ «እዚህ ነኝ» የሚያሰኘን ነው። ስፌቱ ሲተረተር «እኔ» አንድ ቦታ፣ ሰውነት ሌላ ቦታ ይሆናል። ለልብስ ሰፊ ይህ ቶሎ ይገባዋል።

ወደ ሥራው እንግባ።

መጀመሪያ እንቅልፋችሁን አሟሉ። ሁለት ሳምንት ምንም ሳትሞክሩ በሰዓቱ ተኙ። ጠዋት ስትነቁ ሕልማችሁን ደብተር ላይ ጻፉ። ሕልሙን የማያስታውስ ሰው ይሄኛውንም አያስታውስም። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት የጻፍኩት «አንድ ፍየል» የሚል ብቻ ነበር።

ከዚያ ሰዓቱ። ማታ ገና ጋደም እንዳላችሁ አትሞክሩ። ሦስት ወር ያባከንኩት እዚያ ላይ ነው። የመጀመሪያው እንቅልፍ ከባድ ነው፣ ይዟችሁ ጭልጥ ይላል። እንቅልፍ 90 ደቂቃ ገደማ በሚፈጅ ዙር ይመላለሳል፤ ሕልም ያለበት ክፍል የሚረዝመው ወደ ንጋት ነው። ስለዚህ ማታ 4 ሰዓት ተኙና ሌሊት 9 ሰዓት ተኩል ላይ ንቁ። እኔ የመረጥኩት የቅዳሜን ሌሊት ነው፤ እሑድ መቀስ አልይዝም። ተነስታችሁ 20 ደቂቃ ያህል ቁጭ በሉ። ውሃ ተጎንጩ፣ ደብተራችሁን አገላብጡ። ስልክ እንዳትነኩ። ፌስቡክ ከገባችሁ የምትወጡት ከሰውነታችሁ ሳይሆን ከእንቅልፋችሁ ነው።

ስትመለሱ በጀርባችሁ ተኙ። ዱካክ በጀርባው የተኛን ሰው ይወዳል። አያቴ «በጎንህ ተኛ» የምትለኝ ለዚህ ነበር፤ እኛ ምክሯን እንገለብጠዋለን። ጋቢ ደርቡ። የጎንደር ሌሊት በኅዳርና በታኅሣሥ ቀልድ አያውቅም፣ የበረደው ሰው ደግሞ ሰውነቱን ሊረሳ አይችልም። ከተቻለ ለብቻችሁ ተኙ። የኛ ቤት አንድ ክፍል ስለሆነች እኔ መሬት ላይ ፍራሽ አነጥፋለሁ። ተጣልተው ነው እንዳይባል ለጎረቤት እንዳታወራ ባለቤቴን ለምኛታለሁ።

አሁን ዋናው ነገር፦ ሰውነት ይተኛ፣ እናንተ አትተኙ። ከእግር ጣት ጀምራችሁ ወደ ላይ አንድ በአንድ ልቀቁት። ክርናችሁን ፍራሹ ላይ አሳርፋችሁ እጃችሁን ወደ ላይ አቁሙ። እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርጋችሁ እጁ ይወድቃል፣ ትነቃላችሁ። ሁለት ሦስት ጊዜ ከወደቀ በኋላ አሳርፉት፤ አፋፉ ላይ ደርሳችኋል። በተጨፈነ ዓይናችሁ ምስል መምጣት ይጀምራል። ሰው፣ መንገድ፣ ጨርቅ። አትከተሉት። መንገድ ዳር ቆሞ ባጃጅ ሲያልፍ እንደሚያይ ሰው ሁኑ፤ አትሳፈሩ።

ቀጥሎ ድምፅ ይመጣል። ስሙ ሲጠራ የሚሰማው ሰው አለ። እኔ ንብ ነው የምሰማው፤ ሙሉ ቀፎ ጆሮዬ ውስጥ። ደርቡሾች እ.ኤ.አ. በ1888 ጎንደርን ሲያቃጥሉ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ያተረፈው የንብ መንጋ ነው ይባላል። እኔም በመጀመሪያው ጊዜ እንደ ደርቡሹ ነው የሸሸሁት። ከድምፁ ጋር መላ ሰውነት ይነዝራል፣ ልብ ይመታል፣ ትንፋሽ ያጠረ ይመስላል። አላጠረም። የሚያስተነፍሰው ዋናው ጡንቻ አይታሰርም። ዱካኩ በገዛ ግብዣችሁ መጥቷል፣ አትታገሉት። ካስፈራችሁና መተው ከፈለጋችሁ የእግራችሁን አውራ ጣት ወይ ምላሳችሁን ለማንቀሳቀስ ሞክሩ፤ ይፈታል።

መውጫው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በጡንቻ ለመነሳት አትሞክሩ፤ ወይ አይሆንም ወይ ትነቃላችሁ። አንዳንዱ ከአልጋው ተንከባሎ ሲወርድ ያስባል። ሌላው ከላይ የተንጠለጠለ ገመድ እየጨበጠ ይወጣል፤ ገመዱን በዓይኑ ማየት ሳይሆን በመዳፉ መሰማት አለበት። ለኔ ሁለቱም አልሠሩም። የሠራልኝ የሲንጀሬ ፔዳል ነው። እግሬን ሳላነቃንቅ መርገጡን ብቻ አሰብኩ። ተረከዝ፣ ጣት፣ ተረከዝ፣ ጣት። ንዝረቱ ከመዘውሩ ጋር ገጠመ። ሳላውቀው መስኮቱ ጋ ቆሜያለሁ። ስለዚህ እናንተም እጅ ወይ እግራችሁ ሳያስብ የሚሠራውን ሥራ ፈልጉ። እንጀራ የምትጋግር ሊጡን ምጣድ ላይ ታዙር። ሸማኔ መወርወሪያውን ይወርውር።

ያን ሌሊት ግድግዳውን ዳሰስኩት፤ ይቀዘቅዛል። ቀና ስል ኮርኒሱ ላይ የደብረ ብርሃን ሥላሴ መላእክት፣ በዚያ ትልልቅ ዓይናቸው ተደርድረው ያዩኛል። የኛ ኮርኒስ እኮ ማዳበሪያ ነው! ደስታው አሸነፈኝና ነቃሁ። 10 ሰከንድ ቢሆን ነው። አሁን እስከ ሁለት ሦስት ደቂቃ እቆያለሁ። ዘዴው መዳፍን ከመዳፍ ማሻሸት፣ ወለሉን ማየት፣ ቅርብ ያለ ዕቃ መንካት ነው። ወደ ተኛው ሰውነታችሁ ዞር አትበሉ፤ እኔ ዞር ባልኩ ቁጥር ተመልሼ እሱ ውስጥ እገባለሁ።

የሚጥል በሽታ ያለበት ወይም ለአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይሄን ይተወው። ጫት በቅርቡ ያቆመም ይጠብቅ፤ ዱካክ ያኔ ያለ ግብዣም ይመጣል። ሌላው ሰው በሳምንት ከአንድ ሌሊት አይለፍ። እኔ ሦስት ሌሊት ተከታትዬ ሞክሬ የአንድ ደንበኛዬን ሱሪ አንዱን እግር ብቻ አሳጥሬ ሰጥቻለሁ።

ያየሁት እውነተኛው ክፍላችን መሆኑን ለማወቅ ደግሞ ከባለቤቴ ጋር ፈተና አለን። ቅዳሜ ማታ እኔ ሳላይ ከ1 እስከ 9 ካለው አንድ ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፋ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ታስቀምጣለች። እኔ ሌሊት ወጥቼ አነብባለሁ፣ ጠዋት ቡና ላይ እናመሳክራለን። 7 ስል 3 ሆኖ ተገኝቷል። 5 ስል 8። አንድ ጊዜ እንኳን አልመታሁም። ባለፈው እሑድ «4 ነው፣ ቁልጭ ብሎ ነው የታየኝ» አልኳት። ወረቀቱን አወረደችው። ባዶ ነበር። መጻፍ ሰልችቷት ኖሯል።